የልብስ ሰፊው እግር

ተመራማሪዋ ሐኪም የቀዶ ሕክምና ተኝቶ ታካሚዎች ክፍል በር ላይ ደረሰች። ቀዶ ሐኪሙ ለምን እንዳስጠራት አልጠፋትም። ሽማግሌው ልብስ ሰፊ እግሬን አላስቆርጥም ብለው ድርቅ ብለዋል። ጥቁረቱ ከጣቶቻቸው አልፎ ወደ ላይ እየወጣ ነው፤ ዛሬ ካልተቆረጠ ነፍሳቸውም አትተርፍም። እሳቸው ግን የእኔ ዶክተር ደሙ ይመታል ብላኛለች፣ የሚመታ እግር ይቆረጣል እንዴ ይላሉ።

የእኔ ዶክተር የሚሏት እሷን ነው። አይ ጉድ!

ጥናቷ የእግር ደም ሥራቸው የጠበበ ሰዎች የጉንፋን ቫይረስ ሲይዛቸው ምን ይደርስባቸዋል የሚል ነበር። ቫይረሱ ደም ያረጋል ወይ፣ የጠበበውን ሥር ጭራሽ ይደፍነዋል ወይ እያለች ስትደክም የከረመች ሰው ናት። ልብስ ሰፊው ትኩሳቱ ለቋቸው ለክትትል የመጡ ዕለት፣ እግሬን ይበርደኛል፣ የስፌት መኪናውን ስረግጥም አይታወቀኝም አሏት። የምትፈልገው መልስ እቤቷ ድረስ መጥቶላት ነበር እኮ! እሷ ግን ስብሰባ ረፍዶባት፣ ደረጃውን በሩጫ ወጥታ፣ ልቧ ድው ድው እያለ ነበር የገባችው። የደም ፍሰት የሚያዳምጠውን መሣሪያ ከጎን ካለው ክፍል ማምጣት ታከታት። ጣቶቿን እግራቸው ላይ ጫን አደረገች፤ ይመታል። ደህና ነዎት አባባ፣ የጉንፋኑ ድካም ነው ብላቸው እብስ አለች።

የሮጠ ሰው የገዛ ጣቱ ይመታል። ይህን ጀማሪ ተማሪ እንኳ ያውቀዋል። እሷ ትዝ ያላት እግሩ መጥቆሩን ስትሰማ ነው፤ ከዚያ ወዲህ እህል አልወርድላት ብሏል። ለማንም ግን ትንፍሽ አላለችም።

ስትገባ የሽማግሌው ሚስት ብድግ ብለው ወንበራቸውን ለቀቁላት። ልብስ ሰፊውም መጣችልኝ ልጄ ብለው ፊታቸው ፈካ። እሷ አቀርቅራ፣ እግሩ ያኔ ደህና እንደነበር፣ ደሙ የቆመው ከዚያ በኋላ እንደሆነ አስረዳች። እዚያ ደርሳም ራሷን ማዳን አማራት፤ እንዲህ ያለ ዓይን አውጣነት!

ሽማግሌው አዳመጧትና ሚስታቸውን ውሃ አምጪልኝ ብለው ላኳቸው። በሩ ሲዘጋ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ እግሩ መሞቱ መች ጠፋኝ። ግን ሚስቴ ካንቺ ከተመለስን ወዲህ በረደህ እያለች በሙቅ ውሃ ስትዘፈዝፈኝ ነው የከረመችው። አንቺ ስታይው ደህና ከነበረ፣ የገደለችው እሷ ናት ማለት ነው። እኔን ከቆረጡኝ ይህን ይዛ እንዴት ትኖራለች?»

ሐኪሟ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አለች በልቧ። መሬት መች ሰምታ። ቀና ብላ ተናገረች።

«አባባ፣ እኔ ጋ የመጡ ዕለትም አይመታም ነበር። የሚመታው የእኔ ጣት ነበር። ሮጬ ስለመጣሁ የራሴን ትርታ የእርስዎ መስሎኝ ነው። ያኔ ደርሼበት ቢሆን እግርዎ ይድን ነበር።»

ሽማግሌው ትክ ብለው አዩዋት። ስድብ ጠበቀች፤ ስድብ በስንት ጣዕሙ! እሳቸው ግን የተቆጧት ነገር የለም።

«እሷን ጥሪና ይህንኑ ድገሚላት» አሉ። ልጄ ማለቱን ትተውታል።

ሚስትየው ውሃውን ይዘው ገቡ። ሐኪሟ ከራስጌው ቆማ፣ ሁለተኛው ከመጀመሪያው እየከበዳት፣ አንድም ሳታስቀር ደገመችው። ሴትዮዋ ብርጭቆውን እንደያዙ ወንበሩ ላይ ቁጭ አሉ። ወደ ባላቸው ዞሩ።

«እንግዲያ ሙቅ ውሃው አይደለም?»

«አይደለም» አለች ሐኪሟ።

ማንም ዞር ብሎ አላያትም። ሽማግሌው ቀዶ ሐኪሙ ይምጣ አሉና የሚስታቸውን እጅ ያዙ።