የሙፊን ሹራብ

ዋዮሚንግ ውስጥ ድራይ ፎርክ የምትባል፣ ከሰዎቿ ላሞቿ የሚበዙባት ከተማ አለች። እዚያ የሚያድር መንገደኛ መኪናውን የሚያቆመው ከሬና አባት በረት ጎን ባለው ሜዳ ላይ ነው። አንድ የሚያዝያ አመሻሽ ሚስስ ሎሪንግ ቤቷን በጎማ ላይ ጭና መጣች፤ መኝታ ቤቱ፣ ምድጃው፣ መታጠቢያው፣ ምንም የቀረ የለም። ሙፊን የሚባለው ውሻዋ ቀይ ሹራብ ለብሷል። ፈጣሪ የሰጠው ያ ሁሉ ፀጉር ሳያንሰው አልቀረም።

ሬና ግን ሹራብ የምታደንቅበት ጊዜ አልነበራትም። ኦቲስ የምትለው ጥጃዋ እናቱ ሞታበታለች። በጆሮዋ ቁጥር አርባ ሁለት የምትባለው ላም ደግሞ ጥጃዋ ሞቶባታል። ስለዚህ አባቷ ዱዌይን የሞተውን ጥጃ ቆዳ ገፎ ኦቲስን እንደ ካፖርት አለበሰው፤ ላሟ አሽትታ ልጄ ነው እንድትል። አገሩ ሁሉ የሚያደርገው ነው።

“እስከ ነገ ረፋድ ካላጠባችው ጨረታ ይወጣል” አላት። “ጡጦ ይዤ ስሮጥ አልከርምም። ስም አታውጪለት ብዬሽ ነበር።”

“እኔ መች አወጣሁለት? ኦቲስ ሆኖ ነው የተወለደው።”

ላሟ ሁለት ጊዜ አሸተተችው፤ አልረገጠችውም። ሬና ተስፋ አድርጋ ተኛች።

ጠዋት በረቱ ስትደርስ ኦቲስ ጥግ ይዞ ቆሟል። ታጥቧል፣ ተበጥሯል፣ አበባ አበባ ይሸታል። ቆዳው የለም። ወደ ላሟ ጠጋ ባለ ቁጥር በእርግጫ ትመልሰዋለች።

ሚስስ ሎሪንግ እጅጌዋን ጠቅልላ ከአጥሩ ማዶ ፈገግ ብላለች። “የኔ ማር፣ አንዱ ጨካኝ የሬሳ ቆዳ አልብሶታል። በአጥሩ ስር ሳብ አድርጌ በሞቀ ውሃ አጠብኩልሽ።”

“ጨካኙ አባቴ ነው። ቆዳው የታለ?”

“ቆሻሻ ማቃጠያው በርሜል ውስጥ አቃጠልኩት።”

ሬና ነገሩን ስታስረዳት ሴትዮዋ አፏን በእጇ ያዘች። “ማንም አልነገረኝም እኮ።”

“እውነትዎን ነው። ጥጃው መናገር ነበረበት።”

ዱዌይን ጥጃውን ጨረታ ሊያወጣ ተሳቢውን ከመኪናው ጋር ማያያዝ ጀመረ። ይሄኔ ሙፊን በአጥሩ ስር ሾልኮ በረት ገባ። ሬና ዓይኗን ጨፈነች፤ ለሱ አንድ እርግጫ ይበቃዋል። ድምፅ ግን የለም። ስትገልጥ ላሟ አርባ ሁለት ውሻውን ትልሰዋለች። ጆሮውን፣ ጀርባውን፣ ከሁሉ በላይ ሹራቡን። ሙፊን በሕይወቱ እንዲህ ተዋርዶ አያውቅም።

“ቆዳው ላይ ተንከባሎ ነበር እንዴ?” አለች ሬና።

“ከማቃጠሌ በፊት፣ አዎ። ሁለት ጊዜ ተቆጥቼዋለሁ።”

“ሹራቡን ያውልቁለት።”

“ይበርደዋል እኮ።”

“ፀጉር አለው፣ እሜቴ።”

ሬና ሹራቡን ከኦቲስ ጭራ በላይ በገመድ አሰረችው፤ ላም የሚጠባትን የምታሸተው እዚያ ጋ ነው። አርባ ሁለት አሸተተች። በአፍንጫዋ ቡፍ አለች። እንደገና አሸተተችና የአበባውን ሳሙና ይቅር ብላ ማለፍ ፈለገች መሰለ፣ ዝም ብላ ቆመች። ኦቲስ አንገቱን ከስሯ ሰዶ ጡቷን ያዘ። ጭራው ከሹራቡ ስር መወዛወዝ ጀመረ።

ዱዌይን ተሳቢውን መልሶ ፈታ። “ቀይ አይሄድበትም” አለ። ከሱ አፍ ይህ ምርቃት ነው።

ሚስስ ሎሪንግ ሞተሯን አስነስታ በመስኮት አንገቷን አወጣች። “ሹራባችንስ?”

“በሳምንቱ በፖስታ ይደርስዎታል” አለች ሬና። “ሳይታጠብ።”