የገዛ መጽሐፏ

ፕሮፌሰሯ ከሆስፒታል የወጣች ቀን ቤቱ በእንኳን አተረፈሽ ባይ ጢም ብሎ ሞላ። አንጎሏ ውስጥ ደም ፈስሶ ሐኪሞቹ እንኳ ተስፋ ቆርጠው ነበር። እሷ ግን በእግሯ ሄዳ ገባች፤ ሁሉንም በየስሙ ጠራች፤ የአጎቷን ልጅም "ፀጉርህ ምነው ጥሎህ ሄደ?" ብላ ሰውን አሳቀች። አብራት የምትኖረው ታናሽ እህቷ በደስታ የምትይዘውን የምትጨብጠውን አጣች።

የጎደለውን ያወቀችው ራሷ ፕሮፌሰሯ ናት። ጠያቂው ጋብ ሲል መጽሐፏን ከመደርደሪያው አወረደች። ዕድሜዋን የጨረሰችበት የአልጀብራ ሥራ ነው። ባል ሳታገባ ስትቀር ዘመዶቿ "ከቁጥር ጋር ተጋብታለች" ሲሏት፣ "ቁጥርማ ለባለ ሱቅ ነው፤ እኔ ከፊደል ጋር ነው የተጋባሁት" እያለች ታስቃቸው ነበር። ገለጠችው። ፊደሎቹን ለየቻቸው። "ስለዚህ" የሚለውንም አነበበች። ከ"ስለዚህ" በላይ ያለው ከታች ካለው ጋር ምን እንደሚያገናኘው ግን አልታይ አላት። ድሮ አንዱን መስመር ስታይ ቀጣዩ ሳትጠራው ከተፍ ይል ነበር።

"ዕረፍት ነው ያነሰሽ፣ እታለም" አለች እህቷ። "ቁስሉ ገና አልጠገገም።"

አረፈች። ከዚያ የጀማሪዎችን መጽሐፍ ይዛ እንደ አዲስ ተቀመጠች። ትርጓሜዎቹን አንድ በአንድ በቃሏ ያዘች፤ እንደ በቀቀን መድገም እንጂ ማሰብ አልሆነላትም። ለማንም አልተናገረችም። ወደ ቢሮዋ ተመለሰች፤ ጥያቄ ይዞ የመጣውን ሁሉ "ተወውና አየዋለሁ" እያለች ሸኘች።

አንድ ከሰዓት በኋላ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ በሯን አንኳኳ። ከቀድሞ ተማሪዎቿ ሁሉ ቀልጣፋው እሱ ነበር።

"ፕሮፌሰር፣ መጽሐፍዎን ላስተምር ብዬ አራተኛው ምዕራፍ ላይ ተያዝኩ። ይቺን ነገር ያስረዱኝ" አለ፣ ገጹን እያሳያት።

"ተወውና" ብላ ጀመረች። ከዚያ ደከማት። "አላውቀውም።"

ሳቀ። ድሮ ተማሪ ስትፈትን እንዲህ ትል ነበርና።

"ቀልዴን አይደለም። አንተ አስረዳኝ።"

ጠመኔ አነሳ። መጀመሪያ ለባልደረባ እንደሚያወራ ፈጠን ፈጠን አለ። ፊቷን ሲያይ ዝግ አለ። ቆየት ብሎ ለጀማሪ እንደሚያስተምር ሦስት ማዕዘን ስሎ፣ እንዴት እንደሚሽከረከር በእጁ ያሳያት ጀመር። ድምፁ ተለወጠ። ያንን ድምፅ ታውቀዋለች፤ አስታማሚዎቹ "አይዞሽ፣ ትንሽ ጉረሺ" ሲሏት የነበረው ነው።

ሰሌዳው ሊሞላ ሲል ቆመ።

"እዚህ ድረስ ነው የገባኝ። ከዚህ በኋላ እንዴት እንደተሻገሩት አልታይ አለኝ።"

"ሌላ የሚያውቅ የለም?"

"ያልጻፍኩለት ሰው የለም። ሁሉም እርስዎን ጠይቅ ነው የሚለኝ።"

ሁለቱም ሰሌዳውን አዩ። እሷ የተሻገረችበት መንገድ ነበር፤ ግልጽ መስሏት ሳትጽፈው አለፈችው። አሁን ያን መንገድ የሚያውቅ ሰው በምድር ላይ አልነበረም።

የቢሮዋን ቁልፍ ከመያዣው ፈልቅቃ ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት።

"ኧረ ተዪ፣ ፕሮፌሰር" አለ፤ አንቱታውም ጠፋበት። "ስምሽ ብቻ ይበቃናል።"

"ስሙንማ መጽሐፉ ላይ ታገኘዋለህ።"

ቤት ስትገባ እህቷ ሽንኩርት እየላጠች ነበር። የሆነውን ነገረቻት።

"እታለም፣ ተርፈሻል እኮ። ከሞት አፍ ነው የወጣሽው።"

"ለአንቺ እህትሽ ተርፋልሻለች" አለች። "ለእኔ ማን ተረፈልኝ?"

እህቷ ዓይኗን በክንዷ ጠረገችና በሽንኩርቱ አመካኘች። ፕሮፌሰሯ ሌላ ቢላ አምጥታ አጠገቧ ተቀመጠች። ልጣጩ ስስ ሆኖ ወጣላት። ጎረቤቲቱ በመስኮት ብቅ ብላ "እንዴት ዋልሽ? ተሻለሽ?" አለቻት።

"ደህና ነኝ" አለች። ሌላ ምን ትበላት? ላያት ሰው ሁሉ ደህና ነበረች።