አንድ ምድጃ፣ አንድ ኮኛክ

አሠሪያችን ጋሼ ስማቸው በኬካችን ላይ የኮኛክ ስም ሊለጥፍ የተነሳው ሚሌኒየሙ ሲቃረብ ነው። ቧንቧ ውሃ ሰፈር ያለችው ኬክ ቤታችን ገበያ አጥታ ነበር። ኮምቦልቻ ትልልቅ ዳቦ ቤቶች ተከፍተው ደንበኞቻችን የነበሩት ሆቴሎች ሁሉ ወደዚያ ነጎዱ።

«ማሸጊያው ላይ ‹አዝዋ ኮኛክ› የሚል ካለ ሆቴሎቹ ይሻሙበታል» አለን።

እትዬ መዲና ሊጥ ማቡካታቸውን አቆሙ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ያሳደጉኝ፣ ትምህርቱን ከአራተኛ ክፍል ሳቋርጥም እዚህ ሥራ ያስገቡኝ እሳቸው ናቸው።

«ስማቸው፣ መጠጥ ከገባ እኔ የለሁበትም።»

«ኧረ እትዬ! ሽታው ብቻ ነው። አልኮል የሌለው ቅመም አለ። የኮኛክ ፋብሪካውን የምጠይቀው ስሙን ብቻ ነው።»

«ወላሂ በል።»

«እኔ ክርስቲያን ነኝ እኮ!»

«እንግዲያው በማርያም በል።»

ማለ። እኔ በሳቅ ሞትኩ።

ፈቃዱን የሚሰጠው የፋብሪካው ሰውዬ ከአዲስ አበባ መጣ። ሆዱ ቀድሞት ገባ። ኬኩን ቆረሰ፣ አሸተተ፣ አኘከ።

«ይሄ የእኛ ኮኛክ አይደለም።»

«የአጎቱ ልጅ ነው» አልኩት።

ጋሼ ስማቸው በዓይኑ ገረፈኝ። ሰውዬው ፈገግም አላለ። «ስማችን የሚለጠፍበት ኬክ ውስጥ ኮኛካችን ይገባል። ያለዚያ ፈቃድ የለም።»

«ይቅርብና!» አልኩ።

«ሰርካዲስ፣ ዝም በይ!» ጋሼ ስማቸው ምድጃውን አየ፣ እትዬ መዲናን አየ። ፈቃዱ ከቀረ ቤቱ እንደሚዘጋ ሁላችንም እናውቃለን። «እሺ» አለ፤ ድምፁ የሱ አይመስልም።

ሰውዬው እንደወጣ «እትዬ፣ ለእርስዎ የብቻዎ ጠረጴዛ፣ የብቻዎ ሳህን እገዛለሁ…» ማለት ጀመረ።

«ምድጃው አንድ አይደል እንዴ?» አሉት።

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለን ነበር። ሽርጣቸውን ፈትተው አጠፉት። «ልጆችህን አሳድግ። መሐላህንም አላህ ይቅር ይበልህ።»

እኔም ሽርጤን መፍታት ጀመርኩ። እጄን ያዙት። «አንቺ ማን አለሽ? ዐርፈሽ ሥሪ። እኔ ገራዶ እህቴ ዘንድ እገባለሁ። አብሽሪ።»

«እርስዎ ከሄዱ ማን ይቆጣኛል?»

«አንቺን የሚቆጣ ይጠፋል ብለሽ ነው?»

ሆቴሎቹ እውነትም ኬኩን ተሻሙት። ጋሼ ስማቸው ግን ሆቴሎቹ ሲያመሰግኑት አንገቱን ይደፋል። እኔም የምስቅበት ነገር ጠፋኝ።

ለዒድ ገራዶ ወረድኩ። እትዬ መዲና ከሩቅ ሲያዩኝ ከደጅ ሆነው እየሳቁ ጮኹ። «አንቺ ባለጌ፣ በዒድ ቀን ባዶ እጅሽን?»

«ምን ላምጣ እትዬ? ያለኝ ኬክ ነው።»

ሳቃቸው ቆመ። ሊስሙኝ ጎንበስ አሉና፣ የልብሴ የኮኛክ ሽታ መጣባቸው መሰለኝ፣ ትንሽ ዘገዩ። ከዚያ ሳሙኝ። ውሃ አምጥተውም እጄን እስከ ክርኔ አጠቡኝ፤ ቀስ አድርገው። እኔም እንደ ሕፃን ዘርግቼላቸው ቆምኩ።