ያልሞተችው ነርስ

አራሚው ሠላሳ አንድ ዓመት በማተሚያ ቤት የሰው ስህተት ሲለቅም ኖሮ ጡረታ ወጣ። ልማዱ ግን ቤትም አልለቀቀውም። ከታሪክ መጽሐፍ በቀር አያነብም፤ እሱንም እርሳስ ይዞ፣ ዓመተ ምሕረቱን እየተጠራጠረ ነው። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ የእሷ ነፍስ ደግሞ የፍቅር ልብ ወለድ ላይ ነው። አንዱን ጨርሳ ሌላውን ስትጀምር ባየ ቁጥር፣ እንግዳ ፊትም ቢሆን፣ የሥራ ፈት ወሬ ይለዋል። ሰምታ እንዳልሰማች ታልፈዋለች።

ስኳር ዓይኗን ሲወስደው አንድ መጽሐፍ ግማሹ ላይ ቀረባት። ሁለት ወር ለመለመን አፍራ ቆየችና አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ቀሪውን እንዲያነብላት ጠየቀችው። እምቢ የሚልበት ምክንያት አጣ። የስብሰባ ጥሪ እንደሚያነብ ሰው ድምፁን አድርቆ ጀመረ።

ታሪኩ ስለ አንዲት ነርስ ነው። ባሏ አይማታም፣ አይሰክርም። ብቻ ዘጠኝ ዓመት አብረው ሲኖሩ አንድ ቀን እንኳ እንዴት ዋልሽ ብሏት አያውቅም። በሦስተኛው ቀን የአራሚው ድምፅ ሳያስበው ለሰለሰ። በአምስተኛው ቀን ሳህኑ ሳይነሳ መጽሐፉን የሚያነሳው እሱ ሆነ።

በሰባተኛው ቀን ነርሷ ሻንጣዋን ይዛ ስትወጣ ባሏ ከጋዜጣው ቀና ሳይል፣ በሩን ዝጊው፣ ብርድ ይገባል አላት። ሚስቱ ሳቀች።

«ቁርጥ አንተን!» አለች።

ለክፋት አልነበረም። እሱ ግን ደሙ ፈላ። ገጹን ገለጠና ያልተጻፈውን ያነብላት ጀመር። ነርሷን መንገድ ስታቋርጥ መኪና ገጫት፤ ሆስፒታል ሳትደርስ ሞተች።

«አለቀ» ብሎ መጽሐፉን ጠረቀመው።

ሚስቱ እንዲህ በአጭሩ ይቀራል ወይ ብላ ጠየቀችው። የሥራ ፈት ወሬ ሌላ ምን መጨረሻ ይኖረዋል ብሎ መለሰላት። ያን ቀን ከሰዓቱን ሙሉ አለቀሰች። እሱ ፊት ለፊቷ ተቀምጦ አያት፤ አንጀቱ ቅቤ ጠጣ።

በማግስቱ ሳሎን ብቻውን ተቀምጦ ቀሪውን ማንበብ ጀመረ። ሚስቱ መኝታ ቤት ሆና የገጹን ድምፅ ሰማችና ምን እንደሚያነብ ጠየቀችው። ታሪክ ነው አላት። የእርሳሱ ድምፅ ግን የለም። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ንፍጡን ሲስብ ሰማችው። በሚያነበው ታሪክ ስንት ንጉሥ ወድቋል፤ ለአንዱም አልቅሶ አያውቅም።

ቅዳሜ እሱ ገበያ ሲወጣ ታናሽ እህቷ መጣች። መጽሐፉን እንድትፈልግላት ጠየቀቻት፤ ከሶፋው ትራስ ሥር ተገኘ። እህቷ እየተንተባተበች አነበበችላት። ነርሷ አልሞተችም። ሌላ ከተማ ሄዳ አንድ ክፍል ተከራይታ፣ አልጋዋን መስኮቱ ሥር አድርጋ፣ ጠዋት ጠዋት በፀሐይ ትነቃለች። ሚስቱ እስከ መጨረሻው ሰማችና ልብሷን እንድትሰበስብላት ነገረቻት።

አራሚው ሲመለስ ሻንጣና መጽሐፉን ይዘው በር ላይ አገኛቸው። ቀልድ ነው፣ ልነግርሽ ነበር እያለ ተርበተበተ።

«ስለ ገደልካት አልተቀየምኩህም» አለችው። «እኔ ሳለቅስ ቁጭ ብለህ አየኸኝ። ከዚያ እሷን በሕይወት እያለች ለብቻህ ደብቀህ ያዝካት።»

ሦስት ሳምንት ቆይቶ፣ ከመጽሐፍ መደብር አንድ ወፍራም የፍቅር ልብ ወለድ ገዝቶ እህቷ ቤት ሄደ። ሊያነብላት እንደመጣ፣ አንድ ቃል እንደማይዘል ተናገረ። እህቷ ኮሪደሩ ላይ ወንበር ሰጥታው ገባች። የሚስቱ ድምፅ እስከ ኮሪደሩ ተሰማ፦

«ለራሱ ያንብብ። እሱ ሲያነብልኝ ሰው ይሞታል።»

ውስጥ እህቷ ጀምራው የነበረው ንባብ ቀጠለ። እህቷ ነጥቡን እየዘለለች፣ ቃሉን እየሰባበረች ታነባለች፤ ሁለቱም ይስቃሉ። አንዱን ቃል እሱ በለሆሳስ አረመው። ማንም አልሰማውም። አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ መጽሐፉን ወንበሩ ላይ አስቀምጦ ወጣ። የግቢው በር ላይ ሲደርስ እህቷ ሮጣ ደረሰችበት።

«ጋሼ፣ ዕቃዎን ረሱ» ብላ መጽሐፉን አስያዘችው።