የሰማይ ወረፋ

የዶክተር ታሪኩ ሽቶ ከሰውየው ቀድሞ ነው ቢሮ የሚገባው። መቅደላዊትን መጀመሪያ ሰሞን ራሷን ብቻ ነበር የሚያማት፤ አሁን አሁን ግን ገና ከደረጃው ሲሸታት ተነሥታ መስኮት ትከፍታለች። «ዶክተር» የሚለውን ደግሞ ከየት እንዳመጣው የሚያውቅ የለም። የዛሬ ሁለት ዓመት ለቡ አካባቢ ቤት ሲያሻሽጥ «ታሬ» ነበር የሚባለው። ደላላ መሆን ነውር አይደለም፤ ስንት ጨዋ ደላላ አለ። ይሄኛው ግን መሬት አልበቃ ብሎት ሰማይ መሸጥ ጀመረ።

ድርጅቱ «ንስር የጠፈር አክሲዮን ማኅበር» ይባላል። ከስሙ ሥር በደቃቅ ፊደል «በምሥረታ ላይ ያለ» የሚል አለበት። ላፍቶ አንድ ሕንፃ ላይ ፎቅ ተከራይቷል። ሳተላይት የለው፣ ሮኬት የለው፣ መሐንዲስ የለው! ያለው ከካርቶንና ከብርማ ወረቀት የተሠራ፣ የጫማ ሣጥን የሚያክል ማሳያ ነው። እንግዳ መቀበያው ላይ መስታወት ውስጥ አስቀምጠውታል፤ ሰው አጠገቡ እየቆመ ፎቶ ይነሣል።

መቅደላዊት የተቀጠረችው ለትርጉም ነው። አንድ የውጭ አጥኚ ድርጅት የእነዚህን በጣም ትንንሽ ሳተላይቶች ገበያ የተነበየበትን ጥናት ወደ አማርኛ መለሰች። ወደፊት ስንቱ ይሠራል፣ ስንቱ ለመምጠቅ ሮኬት ይፈልጋል፣ እሱን ነው የሚለው። ጥናቱ ያረጀ መሆኑን ገና ሽፋኑን ስታይ አውቃለች። ከ2014 እስከ 2023 ይላል፣ በፈረንጅ። አልፏል እኮ! ለታሪኩ ስትነግረው «ለመነሻ ያህል ነው መቅዲዬ» አላት። እሷም ደሞዟን እያሰበች ብዙ አልተከራከረችም። ብቻ በየዓመቱ አጠገብ እ.ኤ.አ. እያለች፣ አንድም ሳትዘል ጻፈችና አስረከበች። የሚያነበው ሰው መቼም ይገባዋል ብላ ነው።

ትርጉሟ የታተመበትን መጽሔት አይታው አታውቅም፤ እሷ ከጓዳ ነበር የምትሠራው። ዛሬ ሐሙስ ግን አዳላይዋ ስለቀረች «እስቲ አንቺ አዳራሹ በር ላይ ቁሚና ለሰዉ ስጪ» ተባለች። ስብሰባው ሁልጊዜ በሥራ ቀን ጠዋት ነው፤ ለጡረተኛው እንዲመች። ጡረተኛ ደግሞ የሚሸጠው ቤት አለው፤ ታሪኩ ይህን አጥርቶ ያውቃል።

መጽሔቱን ገለጥ ስታደርግ ክው አለች። እ.ኤ.አ. የለም። ገጽ ብትገለብጥ የለም፣ ሠንጠረዡ ላይ የለም፣ ግርጌው ላይ የለም። «ከ2014 እስከ 2023 የሳተላይት ማምጠቅ ፍላጎት በእጥፍ ድርብ ያድጋል» ይላል፤ በቃ። እኛ ደግሞ 2018 ላይ ነን። ፈረንጁ በልቶ የጨረሰው ዘመን ሦስት ፊደል ሲነሣለት እዚህ የወደፊት ዘመን ሆኖ ቁጭ አለ!

መጽሔቱን እንደያዘች ወደ ታሪኩ ሄደች። መስታወት ፊት ቆሞ ከረባቱን እያስተካከለ ነበር።

«ዶክተር፣ እ.ኤ.አ.ዎቹ የት ገቡ?»

«አወጣኋቸዋ! ነጥብ የበዛበት ጽሑፍ ዓይን ይወጋል።»

«ሰው እኮ የኛ አቆጣጠር ነው የሚመስለው!»

«ታዲያ የማን ይምሰለው?» አለ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ። «የራሳችን ካላንደር እያለን የፈረንጅ ካላንደር ምን ያደርግልናል? አገራዊ እንሁን እንጂ፣ መቅዲዬ።»

ደግሞ ይስቃል። እጁን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገና ሸሚዙን እያራገበ አለፋት። ቀፈፋት። እዚያው ሸሚዟን አውልቃ በበረኪና ብታጥበው ደስ ባላት። እንዲህ ያለውን ሰው «ዶክተር» እያለች መጥራቷ ራሱ አስጠላት።

ወደ አዳራሹ ስትመለስ ፊት ወንበር ላይ ማን ቢቀመጥ ጥሩ ነው? ጋሽ ወጋየሁ! አጎቷ ናቸው፤ እናቷ ከሞተች ጀምሮ እሳቸውና ባለቤታቸው እትዬ ፀሐይወርቅ ናቸው ያሳደጓት። ነፋስ ስልክ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ዕድሜያቸውን ጨርሰው ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። ያላቸው ጥሪት ጀሞ ያለችው ኮንዶሚኒየም ብቻ ናት። የበዓል ኮታቸውን ለብሰው፣ መጽሔቱን እንደ ጸሎት መጽሐፍ በሁለት እጃቸው ይዘው ተቀምጠዋል።

«ጋሼ! ምን ያደርጋሉ እዚህ?»

«ላስደንቅሽ ብዬ ነዋ ያልነገርኩሽ!» አሉ ፊታቸው እየበራ። «ቤቷን ልሸጣት ነው። ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ውል እንፈራረማለን፤ ብሩ በቀጥታ እዚህ ይገባል። እኔና እትዬሽ ለጊዜው አንድ ክፍል ቤት እንከራያለን። ደረጃውም ለእግሯ አልተመቻት።»

መቅደላዊት ጎንበስ አለችባቸው። «ኧረ በእመቤቴ! እንዳይፈርሙ! ዓመቱ እኮ ጋሼ...»

«ዝም በይ! ሰውየው ሊናገር ነው» አሉና ክንዷን መታ መታ አደረጓት።

ታሪኩ ማይኩን ይዞ መድረክ ላይ ወጥቷል። ሽቶው እስከ በሩ ድረስ ይሸታል።

«ወገኖቼ፣ ከጀሞ የመጣችሁ እጅ እስቲ!» አዳራሹ እጅ ብቻ ሆነ። «ጠዋት የታክሲ ሰልፉ እንዴት ነው?»

«ኧረ አያድርስ!» አለች አንዲት ሴትዮ። ሰው ሳቀ።

«እሺ፣ ያን ጊዜ አንድ ሰው ወንበሩን ሁሉ ቀድሞ ይዞ ቢጠብቃችሁ፣ የጠየቃችሁን አትከፍሉም?»

«እንከፍላለን!»

«በቃ! ሰማይም እንደዚያው ነው። እነዚህ የጫማ ሣጥን የሚያካክሉ ሳተላይቶች በየዓመቱ በመቶዎች ይሠራሉ፤ የሚያመጥቃቸው ሮኬት ግን ጥቂት ነው። ሰማይ ወረፋ አለው! እኛ ሮኬቱ ላይ ወንበር ዛሬ እንይዛለን፤ በ2023 ሰልፉ ሲጠማዘዝ በእጥፍ እንሸጣለን። ገና አምስት ዓመት አለን!»

አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። የሚያናድደው ደግሞ ማስረዳት መቻሉ ነው። እሷ ወር ሙሉ ስትተረጉም የከረመችውን ነገር በአንድ የታክሲ ሰልፍ አስጨበጣቸው፤ ውሸቱንም በዚያው ማንኪያ አጎረሳቸው። ጋሽ ወጋየሁ ዞር ብለው ለጎናቸው ሰው «የተረጎመችው የኔ ልጅ ናት» ሲሉ ሰማች። ከዚያ በላይ መቆም አልቻለችም።

«ይቅርታ! አንድ ጊዜ ስሙኝ!» ብላ ጮኸች። ሰው ሁሉ ዞረ። «ይሄን የተረጎምኩት እኔ ነኝ። 2023 የተባለው በፈረንጅ ነው፤ አልፏል! የተባለውም ወረፋ አልመጣም። በገፍ የመጠቁት የአንድ ሀብታም ድርጅት ሳተላይቶች ናቸው፤ እሱ ደግሞ የራሱ ሮኬት አለው። ትንንሾቹ በሌላ ትልቅ ሮኬት ላይ እየተዳበሉ በርካሽ ሄዱ። ለነሱ ብለው ትንሽ ሮኬት እንሠራለን ካሉት ስንቱ ከስሮ ዘግቷል። በእጥፍ የሚሸጥ ወንበር የለም፤ ገንዘባችሁን አትስጡ!»

አንዱ ሽማግሌ መነጽራቸውን አውልቀው መጽሔቱን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። መቅደላዊት ተገላገልኩ ብላ ተነፈሰች።

ታሪኩ ፈገግ አለ። ላብ እንኳ ጠብ አላለውም! «እህታችንን አጨብጭቡላት እስቲ» አለ ረጋ ብሎ። «ሰምታችኋል ያለችውን? አልፏል አለች! ተፈጽሟል ማለት እኮ ነው! እኛ ትንበያ ነው ስንላችሁ የቆየነው በትሕትና ነው፤ ለካስ የተረጋገጠ ነገር ነው የያዝነው! መቅዲዬ፣ ሳተላይቶቹ መጥቀዋል አልመጠቁም?»

«መጥቀዋል፤ ግን...»

«መጥቀዋል!»

ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያነሣው ደረሰ። ያቺ «አያድርስ» ያለች ሴትዮ ተነሥታ እልልታዋን አቀለጠችው። ሰዉ ወንበር እየገፋ ወደ መመዝገቢያው ጠረጴዛ ይጋፋ ጀመር፤ አንዱ የአንዱን ኮት ይጎትታል፣ «እኔ እቀድማለሁ፣ አንተ ኋላ ነህ» ይባባላል። ሰማይ ላይ የሌለው ወረፋ እዚህ ላፍቶ ተጀመረ። መቅደላዊትን ያስጠላት ታሪኩ ብቻ አይደለም፤ መነጽራቸውን ያወለቁት ሽማግሌ እንኳ ሲጋፉ ስታይ አስጠሏት፤ የገዛ እውነቷ በሰውየው አፍ ታኝኮ ሲወጣ መስማቷ ከሁሉም በላይ አንገሸገሻት። እጇን አፏ ላይ ጭና ወጣች።

ደረጃው ላይ ጋሽ ወጋየሁ ቀድመዋት ነበር፤ እየተጣደፉ ይወርዳሉ።

«ጋሼ! ወዴት ነው?»

«ወደ ውሉ ነዋ! አልፏል አላልሽም? ዘግይተናል ማለት ነው። ለኔ ሳይደርስ ከሚያልቅ ቀደም ብለን እንፈራረም።»

ኮታቸውን ይዛ አስቆመቻቸው። እንባዋ መጣ። «አጎቴ ነዎት ወይስ አባቴ? አባቴ ነዎት! ታዲያ እኔን ትተው እንዴት እሱን ያምናሉ? እትዬን የት ሊያሳድሯት ነው?»

«አንቺን ስላመንኩ እኮ ነው እዚህ የመጣሁት!» አሉ ተቆጥተው። «ልቀቂኝ በይ፣ ገዢዋ ትጠብቀኛለች። ደግ ሴት ናት፤ ድርጅቱ ራሱ ነው ያገናኘን። ብር በእጇ፣ ዋጋ አላጓተተች፣ ምን አላለች።»

«ድርጅቱ? ማን ትባላለች?»

«ወይዘሮ ቡዜ።»

መቅደላዊት ኮታቸውን ለቀቀች። ቡዜን ታውቃታለች፤ በየወሩ መጨረሻ ቢሮ እየመጣች ደሞዝ የምትከፍላት እሷ ናት።

«ጋሼ፣ ቡዜ የታሪኩ ሚስት ናት።»

ከፎቅ ጭብጨባ ይሰማል። ጋሽ ወጋየሁ ቀስ ብለው ወደ ላይ፣ ወደ አዳራሹ በር አዩ፤ ከዚያ እሷን አዩ።

«የሱ ሚስት?»

«የሱ ሚስት።»

«ሰማዩ ይህን ያህል ካዋጣ ለምን ለሚስቱ አይገዛላትም?» አሉ። «ለኔ ሰማይ እየሸጠ ለሚስቱ ኮንዶሚኒየም ይገዛል? የኔን ቤት? በኔው ብር?» ጢቅ አሉ፣ ደረጃው ላይ። መቅደላዊት በሕይወቷ አጎቷ ሰው ቤት ሲተፉ አይታ አታውቅም።

ስልካቸውን አውጥተው ደወሉ። ድምፃቸው ቀጥ ያለ ነበር። «ወይዘሮ ቡዜ፣ ወጋየሁ ነኝ። ቤቱን መሸጥ ትቼዋለሁ። ... ለምን? ባልሽ እኛን ወደ ላይ ጭኖ ሲጨርስ እናንተ የምትቀሩት ታች ነው አሉ። እኔም እዚሁ ልቅር ብዬ ነው።» ዘጉትና ኪሳቸው ከተቱት።

መቅደላዊት እፎይ ብላ አንገታቸው ላይ ልትጠመጠም ስትል በእጃቸው መለስ አደረጓት። ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ፤ የበዓል ኮታቸውን አቧራው ላይ አድርገው።

«ከበበው ቤቱን ሸጦ ሄደ አላልኩሽም ባለፈው?»

ከእነሱ በታች ባለው ፎቅ ይኖሩ የነበሩ ጎረቤታቸው ናቸው፤ ፋብሪካም አብረው ነው የሠሩት። መቅደላዊት ልጅ እያለች የጋሽ ከበበውን ደረጃ ስትወጣ ስትወርድ ነው ያደገችው። ሸጡ ሲባል ሰምታ ልጆቻቸው ጋ ሄዱ ብላ ነበር።

«ሰበታ ዳር አንድ ክፍል ተከራይቷል፤ ጣሪያው ያፈሳል አለኝ። አክሲዮኑ እስኪደርስ ነው ብሎ ይስቃል።» ጋሽ ወጋየሁ ጉልበታቸውን ጨበጡ። «ለማን እንደሸጠ ታውቂያለሽ? ለሷው። ለቡዜ። አክሲዮን አልገዛም ብሎ ሲያንገራግር ያሳመንኩት እኔ ነኝ። ‹የኔ ልጅ ናት የተረጎመችው፣ እሷ አትዋሽም› ብዬ።»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ እ.ኤ.አ. ብዬ...»

«ጽፈሽ ነበር፤ እሱ ፋቀው። ገባኝ።» ቀና ብለው አዩዋት፤ ዓይናቸው ከዚያ በፊት እንዲህ አይቷት አያውቅም። «በኔ አፍ፣ ባንቺ ትርጉም ነው ከበበው ቤቱን የሸጠው። ነይ ሰበታ እንሂድ፤ ሄደሽ ይህን ለሱም አስረጂው።»