ሞላ ያለው ቆርቆሮ

ሞጣ ላይ ሱቅ ከከፈትሁ አስራ ሁለት ዓመት ሆነኝ። እስከ ዛሬ «መጥፎ ዕቃ ሸጠሽልኛል» ብሎ የመጣብኝ ሰው የለም። ሳላይ አልቀበልም፤ ሳልነካ አልሸጥም። የሰርዲን ቆርቆሮ ሲመጣማ እያንዳንዱን በአውራ ጣቴ ጫን ጫን አደርገዋለሁ። ክዳኑ ዝርግ የሆነውን ጎዶሎ ነው ብዬ ለአላፊ አግዳሚ እሸጠዋለሁ፤ ሆዱን ነፋ ያደረገውን ግን ለወዳጅ አስቀምጣለሁ። ደንበኞቼም ለምደው «ይርጋነሽ፣ ሞላ ያለውን ስጪኝ» ይሉኛል።

ባለፈው ሳምንት ቢቸና የተዳረችው ልጄ ሰብለ ወንጌል ሰርዲን አማረኝ ብላ ላከችብኝ። የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ የእርጉዝ አምሮት ደግሞ አይናቅም። ካለኝ ሁሉ መርጬ፣ ሊፈነዳ የደረሰ የሚመስለውን በነጋዴ እጅ ላክሁላት።

ዛሬ ጧት የጤና ጣቢያው ተቆጣጣሪ፣ ከሸዋ የመጣው አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ፣ ሱቆችን ሲያይ እኔ ዘንድ ደረሰ። ኮራ ብዬ የወዳጆቼን መደርደሪያ አሳየሁት። አንዱን ቆርቆሮ አነሣና ፊቱ አመድ መሰለ።

«ወይዘሮ ይርጋነሽ፣ ይሄን ለማን ሊሸጡት ነው?»

«ለምወደው ሰው ነዋ!»

«ይሄኮ ሞልቶ አይደለም። ውስጡ ተበላሽቶ ነው የተነፋው። መርዝ ነው፤ ሰው ይገድላል።»

እንዴት እንደሮጥሁ አላውቅም። ነጠላዬን የት እንደጣልሁትም አላውቅ። ስልክ ቤት ገብቼ ወደ ቢቸና አስደወልሁ። የልጄ ቤት ከቢቸና ስልክ ቤት ፊት ለፊት ነውና ሊጠሯት ሄዱ። እስክትመጣ ድረስ መሬት ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ።

«እማዬ?»

«ሰብሌ! ሰርዲኑን በላሽው?»

«ስከፍተው እሽሽ ብሎ ፊቴ ላይ ተረጨ፤ ሸተተኝ። ግን አንቺ መርጠሽ የላክሽው እንዴት ይበላሻል? እርግዝናው ነው አፍንጫዬን ያበላሸው ብዬ ልጎርስ ስል አማቴ ከእጄ ነጥቀው ጉድጓድ ጣሉት። የእናቴን ስጦታ ናቁብኝ ብዬ ይኸው አራት ቀኔ፣ አላናግራቸውም።»

እኒያ አማቷ፣ እመት ታንጉት! በሰርጉ ቀን ጠጄን ከመቅመሳቸው በፊት አሽትተውብኝ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ቂም የያዝሁባቸው ሴት።

«አሁኑኑ ሂጂና እግራቸውን ሳሚ» አልኋት እያለቀስሁ። «አንዱን እግር ስላንቺ፣ አንዱን ስለኔ።»

ስመለስ ኃይለ ጊዮርጊስ የተነፉትን ቆርቆሮዎች በጆንያ ይከታል።

«እስከ ዛሬ ከዚህ ስንት ሸጠዋል?» አለኝ።

«መጥፎ ዕቃ ሸጠሽልኛል ብሎ የመጣብኝ የለም» ልለው አፌን ከፈትሁ። ግን ያለፈው ዓመት በፋሲካ ማግስት ሁለት ቀን ብቻ ታሞ የሞተው ጎረቤቴ ይርሳው ትዝ አለኝ። ሰርዲን ይወድ ነበር። ምን እንደገደለው ያወቀ የለም። በልቅሶው ላይ እንደኔ ያለቀሰለት አልነበረም፤ ምክንያቱም ወዳጄ ነበር፣ ሁልጊዜም ሞላ ያለውን ነበር የምሰጠው።