ከጀርባው የሚነበብ መብራት

ዓይኑ ሊጠፋ የተቃረበ ሰው፣ ሊያጣው ያለውን ነገር ማየቱ ይጠቅመዋል ወይስ ይጎዳዋል? ሐኪሙን ጠይቄው ነበር። ይሄን የሚያውቁት ባለቤትዎ ናቸው ብሎኝ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ። እሳቸው ግን ወይ አያውቁም ወይ አይነግሩኝም።

ባሌ ዌንደል የዓይኑ መሀል ጠፍቷል። ፊት ለፊቱ ያለው ሁሉ ጥቁር እድፍ ሆኖበት ዳር ዳሩን ብቻ ነው የሚያየው። ዳሩም ከዓመት አያልፍም ተብሏል። አንድ ቀን ቁርስ ላይ፣ የቀረችኝን ብርሃን ቬጋስ ወርጄ ልጨርሳት አለኝ፣ እንደ ቀልድ አድርጎ። ቀልድ አልነበረም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ እዚያ ለማስታወቂያ መብራት የሚሆን የኒዮን መስታወት ቱቦ ሲያጣምም ነው የኖረው፤ ወደ ኢሊ ከተማ የወጣነው ከጡረታ በኋላ ነው። እናም ለአምስት ቀን ዕረፍት ወርደን የልጅ ልጃችን ሼልቢ ቤት አረፍን። ሼልቢ ዓይነ ስውራን የሚመሩበትን ነጭ በትር ገዝታ ጠበቀችው። እሱ ከነካርቶኑ በሩ ጥግ አስደግፎት፣ ገና ዕውር አልሆንኩም አላት። እውነቱን ለመናገር እኔም ደስ አለኝ። የኔ ክንድ እያለ በትር ምን ያደርግለታል?

ማክሰኞ ጠዋት ለጉብኝት ወጣን። እዚያ ከተማ የትም ለመድረስ በቁማር ማሽኖቹ መሀል ማለፍ ግድ ነው፤ ሽንት ቤትም ቢሆን። ምንጣፉ ይጠልፈዋል፣ መጠጥ የያዘች አስተናጋጅ ትገጨዋለች ስል ነፍሴ ተንጠልጥላ ዋለች። ተጠንቀቅ፣ ደረጃ አለ፣ ቀስ በል ስለው ሰልችቶት፣

"ማርቫ፣ የጠፋው ዓይኔ ነው እንጂ እግሬ አይደለም" አለኝ።

እንዲያም ሆኖ አፌን ከፍቼ ነው የዋልኩት። እዚያ ስንኖር ወደ ትልልቆቹ ሆቴሎች ጎዳና የሚሄደው እንግዳ ነበር፤ እኛ ልጅ ስናሳድግ የት አይተነው። አንዱ ሆቴል ፊት ካለው ሐይቅ ውስጥ ውሃው በዘፈን ተነሥቶ ከሆቴሉ ፎቅ ጋር ሲተካከል ወደ ኋላ ሸሸሁ። ዌንደል ራሱን ዘንበል አድርጎ በዓይኑ ዳር አየው፤ ጠብታው ፊቱ ላይ ሲያርፍ ሳቀ። ቤት ውስጥ ጀልባ የሚቀዘፍበት ሆቴልም ገባን። ጣሪያው ላይ ሰማይ ሥለውበታል፤ ደመናው ቀለም መሆኑን እያወቅሁ ዣንጥላዬን በቦርሳዬ ውስጥ ዳበስኩ።

ውጪ ስንወጣ ግን ሳቁ ቀረ። ወደ ትልልቆቹ ማስታወቂያዎች ቀና እያለ፣ ይሄ ስክሪን ነው፣ ያም ስክሪን ነው ይላል። የሱ ዘመን መብራቶች ወርደው አልቀዋል። ልቡን ልሰብረው ነው ያመጣሁት አልኩ በሆዴ።

የወረዱት መብራቶች የሚጠራቀሙበት ግቢ አለ። የደረስነው ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ነው። ቤት ቤት የሚያካክሉ ፊደላት አቧራ ላይ ቆመዋል፣ ተጋድመዋል፤ የግዙፎች መቃብር ይመስላል። ዌንደል አስጎብኚዋን፣ ዴልፊና የምትባል ጠና ያለች ሴት ናት፣ የቀይ ቆቅ ሞቴልን መብራት ጠየቃት። ወስዳ ፊቱ አቆመችን። ወደ ግራ አዘነበለ፣ ወደ ቀኝ አዘነበለ። ብዙ ቆየ።

"ይሄ ነው እንዴ?" አለኝ በመጨረሻ።

የገዛ ሥራውን እኔን ጠየቀኝ።

ዴልፊና ምን ሆነው ነው ብትለው፣ እኔ ነኝ የሠራሁት አላት። ጣቶቹ ላይ ያለውን የድሮ ቃጠሎ ጠባሳ አየችው። አጠገባችን መንካት ክልክል ነው የሚል ተጽፏል። ግራ ቀኝ ተመለከተችና ገመዱን ከፍ አደረገች።

"በኋላ በኩል ይግቡ፣ አባት። እኔ ምንም አላየሁም።"

የተሰበረ መስታወት እንዳይቆርጠው ፈርቼ ክንዱን አጥብቄ ያዝኩ።

"ልቀቂኝ፣ ማርቫ።"

ለቀቅሁት።

ቱቦ የሚያጣምም ሰው ፊደሉን የሚሠራው ከጀርባው ነው፣ ግራና ቀኙን ገልብጦ። እሳት ላይ የለሰለሰው የመስታወት ቱቦ ሲታጠፍ እንዳይጨፈለቅ በቀጭን ጎማ ትንፋሹን ይነፋበታል። ይሄን ስንት ዓመት ሲነግረኝ ሰምቻለሁ፤ መስማት ብቻ። አሁን ጣቶቹ ከመጨረሻው ፊደል ተነሥተው ወደ መጀመሪያው ሲሄዱ አየሁ። አይፈልጉም፣ አይደናበሩም። ዓይኑን ጨፍኗል። ከፊት ሆኖ ያልለየውን ከኋላ ሆኖ አንድ በአንድ አነበበው። ያ ሁሉ ውሃ፣ ያ ሁሉ የተሣለ ሰማይ ከዚህ ፊት ምን ነበር?

አንዱ እጥፋት ላይ ሲደርስ ቆመ። የኔን ጣት ስቦ አስነካኝ፤ የአተር ፍሬ የምታህል ጉብታ።

"ስልክ ተደውሎ ሴት ልጅ ወለድክ ሲሉኝ ትንፋሼ በዛ" አለ። "አለቃዬ ጣለው ሲለኝ፣ ከፊት አይታይም ብዬ ተከራከርኩት።"

ያቺ ልጃችን፣ የሼልቢ እናት፣ ዘንድሮ አርባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ትንፋሹ እዚያች ጉብታ ውስጥ ይህን ሁሉ ዘመን ቆይቷል፤ እኔ በመኪና ስንት ጊዜ በፊቱ አልፌያለሁ።

ወደ ቤት ስንመለስ ክንዴን ያዘ፣ ግን ለወጉ ነበር።

በማግስቱ ማለዳ ሼልቢ እንቁላል ስትጠብስ፣ እኔም ሳሎን ተቀምጬ ካርቶን ሲቀደድ ሰማሁ። ልከተለው ብድግ ብዬ ጫማዬን ፈለግሁ። አንዱን አጠለቅሁና ሌላውን በእጄ እንደ ያዝኩ ቀረሁ። ዌንደል በትሩን ዘረጋ፣ የበሩን እጀታ በጣቶቹ አገኘው፣ ደፉን ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገና ብቻውን ወጣ።